ርካሽ አነስተኛ ሞተር ሳይክል ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በሳጥን ታሽገው የሚመጡ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ርካሽ ሞተር ሳይክሎች ፊተኛ ጎማቸው፣ መሪያቸውና ባትሪያቸው የሚገጠመው ከሳጥኑ ከወጡ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ባለቤቱን የሚያማርረው አብዛኛው ችግርም ከዚያ የጥድፊያ ገጠማ ይመነጫል፦ ያልጠበቀ ብሎን፣ ቅባት ያልነካው ኩሽኔታ፣ የላላ የሽቦ ማያያዣ። ስለዚህ "ሞተሩ ይከፈት" የሚል ቢመጣ ቀድመው ከታች ያሉትን ይፈትሹ።

ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀዎት

ሻጩ ቀድሞ አስነስቶት ከሆነ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ የሚታየው ችግር ተሸፍኗል። እጅዎን ወደ ማርሚታው ጠጋ ያድርጉ፤ ሙቀት ካለው እስኪበርድ ይጠብቁ ወይም በሌላ ቀን ይመለሱ። እስከዚያው ፊተኛው ጎማ ከመሬት እንዲነሳ አድርገው መሪውን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ያዙሩት። መሃል ላይ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ተጎድቷል። ሹካውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉት "ቋ" ካለ ደግሞ ላልቷል።

በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥርም ያንብቡ። 156ኤፍኤምአይ (156FMI) የሚል አብዛኛውን ጊዜ 125 ሲሲ፣ 162ኤፍኤምጄ (162FMJ) የሚል 150 ሲሲ ነው፤ ከ1 ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የሲሊንደሩን ስፋት በሚሊ ሜትር በግርድፉ ይነግራሉ። ብዙዎቹ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሆንዳ ሲጂ125 (CG125) ንድፍ ስለሚከተሉ መለዋወጫቸው እርስ በርስ ይገጥማል። ታንከሩ ላይ ከተለጠፈው ስም ይልቅ ይህ ቁጥር ይጠቅማል።

ጠዋት አይነሳም፣ ቢነሳም ይጠፋል

መጀመሪያ ቤንዚን ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) መድረሱን ያረጋግጡ። የታንከሩን ቧንቧ ከፍተው ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ያላሉ። ሳይቋረጥ ከፈሰሰ ደህና ነው። ጠብ ጠብ ካለ የታንከሩን ክዳን ከፍተው እንደገና ይሞክሩ፤ ያኔ ፍሰቱ ከተስተካከለ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ተደፍኗል፣ ካልተስተካከለ የቤንዚኑ ማጣሪያ ይጸዳ።

ቀጥሎ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። የቡና ዓይነት ቀለም ጤናማ ነው። ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እንደ ኖራ የነጣ ጫፍ ቤንዚን ማነሱን ያሳያል። በአዲስ ርካሽ ሞተር ሳይክል ላይ የሚያጋጥመው በብዛት ነጩ ነው፤ ጭሱን ለመቀነስ ሲባል ካርቡሬተሩ በቤንዚን ተቆጥቦ ስለሚስተካከል። የካንዴላውን ክፍተት 0.6–0.7 ሚሊ ሜትር ያድርጉና ካርቡሬተሩ ላይ ወዳለችው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ማስተካከያ ብሎን ይሂዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች ማጥበቅ ቤንዚን ያበዛል፤ በሞተሩ በኩል ከሆነች ግን ቤንዚን የሚያበዛው ማላላት ነው። እስከ ጥግ በቀስታ አጥብቀው (በኃይል ካጠበቋት ጫፏ ይጎዳል) አንድ ዙር ተኩል ይመልሱ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ ይፈልጉ። ከዚያ ሚኒሞውን ወደ 1400 ዙር በደቂቃ ይመልሱት።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ እያለ አልረጋ ካለ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው የጎማ ቧንቧ አየር ያስገባል። ትንሽ ውሃ ይርጩበት፤ ድምፁ ከተለወጠ የሚያስገባው እዚያ ነው።

ሲሞቅ ይደክማል፣ ከጠፋ በኋላ እምቢ ይላል

ቫልቩ ጠብቋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በበረደበት፣ ፒስተኑን በመጭመቂያው ጊዜ ላይኛው ጫፍ አድርሰው (በዲናሞው መሽከርከሪያ ላይ ያለው የቲ ምልክት ከመስኮቱ ጭረት ጋር ሲገጥም) የቫልቩን ክፍተት ይለኩ። ለሲጂ ዓይነቱ ሞተር 0.08 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ የእርስዎ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። በጥቂቱ ጠቅ ጠቅ የሚል ቫልቭ አያስፈራም። የሚያስፈራው ፀጥ ያለው ነው፤ ስለማይዘጋ ይቃጠላል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም

ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው) ይንሸራተታል። መሪው ላይ ያለው የፍሪሲዮን መያዣ ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በነፃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከሌለ ገመዱን ያላሉ። ነፃ እንቅስቃሴው ካለ ዘይቱን ይጠርጥሩ። ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ ሰበቃ መቀነሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA፣ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚስማማ የዘይት ደረጃ) የሚል ይፈልጉ።

ከፋብሪካ የመጣውን ዘይት ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጣሉት። የሚገባው አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህን ወጪ የሚቆጥብ ሰው ሞተሩን እየበላ ነው። ሲያፈሱ ከሥር ያለውን ወንፊት ያውጡ፤ የአልሙኒየም ብናኝ መጀመሪያ ላይ ይጠበቃል፣ በጣት የሚያዝ ስባሪ ግን አይጠበቅም።

ካቴናው ይንኳኳል፣ ይዘላል

ርካሽ ካቴና በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትር ቶሎ ይለጠጣል፤ የሚለጠጠውም እኩል አይደለም። የኋላውን ጎማ በእጅ እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ያግኙና እዚያ ላይ ይለኩ፦ የታችኛው መሃል ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ይበል። በላላው ቦታ ከለኩ ሲዞር ይጠብቅና የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ኩሽኔታ ይሰብራል። የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ ላይ ያሉትን ጭረቶች አይመኑ፤ ከክንዱ መገጣጠሚያ እስከ ጎማው ዘንግ መሃል በሁለቱም በኩል በሜትር ይለኩ። ማያያዣ ክሊፑ ላይ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ተገልብጦ ከገባ በመንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል። ካቴናውን ከኋላው ባለ ጥርስ መሽከርከሪያ ወደ ውጭ ሲጎትቱት የአንድ ጥርስ ግማሽ ከታየ የፊቱንና የኋላውን መሽከርከሪያ ጨምረው ይቀይሩ።

ባትሪው ያልቃል፣ አምፖል ይቃጠላል

አሲድ ተሞልቶ ወዲያው የተገጠመ ባትሪ አቅሙ ገና ሳይሞላ ይዳከማል። 7 አምፔር ሰዓት የሆነውን በ0.7 አምፔር በቀስታ ይሙሉት። አርፎ 12.6 ቮልት ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ሞተሩ ጠንከር ብሎ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.8 መሆን አለበት። ከ13 ካነሰ ከዲናሞው እስከ ሬጉሌተሩ (የቮልት መቆጣጠሪያው) ያሉትን ማያያዣዎች ይክፈቱ፣ ያጽዱ፣ አጥብቀው ይግጠሙ፤ ካልተሻሻለ ሬጉሌተሩን ወይም ዲናሞውን ያስለኩ። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ሞቷል፤ ባትሪውን የሚያፈላውና አምፖሉን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

መሪው ይንቀጠቀጣል

የጎማውን ንፋስ ይለኩ፣ የጎማውን ዘንግ ዳዶ ያጥብቁ፣ ከዚያ የቸርኬውን ሽቦዎች በካቻቢቴ አንድ በአንድ ነካ ነካ ያድርጉ። የጠራ ድምፅ የሚሰጠው ጠብቋል፣ የደነዘዘው ላልቷል። በሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ፤ አብዝተው ካጠበቁ ቸርኬው ይጣመማል።

በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ የሞተሩን መያዣ፣ የማርሚታውን፣ የፍሬኑንና የመሪውን ብሎኖች በሙሉ በቁልፍ ይዳስሱ።