የፔፕታይድ ጄል ሲጓጉል ምን አደረግኩ?

ሐዋሳ ላይ ከኤፍሞክ-ዳይፌኒልአላኒን (ከሁለት አሚኖ አሲዶች የተሠራ አጭር ፔፕታይድ ነው፤ ኤፍሞክ አንዱ ጫፉ ላይ የተያያዘ ቀለበታማ ክፍል ነው) ጄል ለመሥራት ለምትታገሉ ይህ ይጠቅማችኋል። የኔ ጄል ይጓጉል ነበር። በደንብ ያልተማሰለ ገንፎ ይመስላል፤ አንዱ ጋ ጠጣር፣ ሌላው ጋ ውኃ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፔፕታይዱን ነው። ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሬ ፒኤቹ ወደ 10 ሲጠጋ ጥርት ብሎ ይሟሟል። ስለዚህ ጣጣው ያለው ጄሉን ለማርጋት ቀጥሎ የምጨምረው አሲድ ላይ ነው። የሞለኪውሉ ጫፍ ቻርጅ እስካለው ድረስ ሞለኪውሎቹ ይገፋፋሉ። አሲድ ሲገባ ቻርጁ ይጠፋል። ያኔ ቀለበታማ ክፍሎቻቸው ይደራረባሉ፣ በሃይድሮጅን ቦንድ ይያያዛሉ፣ ቀጫጭን ክሮች ይሆናሉ። ውኃውን የሚይዘው የእነዚህ ክሮች መረብ ነው። እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው! ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ሲገባ ግን ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብቻ ወዲያው ይረጋል።

መፍትሔው አሲዱ እዚያው ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲፈጠር ማድረግ ነው። ለዚህ ግሉኮኖ-ዴልታ-ላክቶን አለ፤ ቶፉ ለማርጋትም ይጠቀሙበታል። ውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ግሉኮኒክ አሲድ ይሆናል። በ1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ፔፕታይድና 4 ሚሊ ግራም ገደማ ላክቶን በቃኝ። ቶሎ አዋህዱትና እስከ ነገ አትነካኩት። እየረጋ ሳለ ከተነቀነቀ መረቡ ይበጣጠሳል።

አሁን ብልቃጡን ስገለብጠው አይፈስም፤ ከላይ እስከ ታች ወጥ ነው።

ሙቀት ላክቶኑን ስለሚያፈጥነው ብልቃጡን ከመስኮት ፀሐይ አርቁ። በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ (ቤዝ ነው) የሟሟውንም ፔፕታይድ አታሳድሩት፤ ኤፍሞኩ በቤዝ ይላቀቃል።