ከዓይን ቀዶ ሕክምና በፊት የታካሚን ስጋት የሚያባብሱ የነርስ ስህተቶች

ከደቡብ ወሎ፣ ከቦረና፣ ከተንታ ወይም ከወረባቦ ወረዳ ገጠር የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ደሴ የሚመጡ አዛውንቶች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት «ዓይን ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል» የሚለውን የሰፈር ወሬ ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ስህተት «አይዞዎት፣ ምንም አይደል» ብሎ ማለፍ ነው፤ ቃሉ ደግ ቢሆንም ጥያቄን ያፍናል። «አባቴ፣ ምን አሳሰበዎት?» ብሎ መልሱን ሳያቋርጡ ከሰሙ በኋላ፣ ዓይናቸው ከቦታው እንደማይነሣና የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ እንደሚተካለት መንገር ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ታካሚው ጠረጴዛው ላይ የሚገጥመውን ሳያውቅ እንዲገባ መተው ነው። ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚሠራው ዓይኑን ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት በመሆኑ ታካሚው ነቅቶ ይቆያል፤ ነቅቶ መቆየትን ደግሞ ብዙዎች ሕመም ከመቻል ጋር ያያይዙታል። ፊታቸው በጨርቅ እንደሚሸፈን፣ መተንፈስ ግን እንደማይከለከሉ፣ ብርሃንና ቀለማት ሊታያቸው፣ ውኃም ሲፈስ ሊሰማቸው እንደሚችል አስቀድሞ ይነገራቸው። «ምንም አይሰማዎትም» ማለት አይገባም፤ መነካቱና ጫናው በተሰማቸው ቅጽበት ነርሷን ማመን ያቆማሉ። ማሳል ቢያሰኛቸው ከመንቀሳቀሳቸው በፊት እንዲናገሩ፣ እጃቸውንም ወደ ፊታቸው እንዳያነሡ አብሮ መስማማት ያስፈልጋል።

ማየት የተሳናቸውን እናት ትቶ ከአስታማሚ ልጃቸው ጋር ብቻ መነጋገርም የተለመደ ጥፋት ነው። ከመንካት በፊት ማንነትን መናገር፣ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለጊዜው እንደሚያቃጥልና እይታን እንደሚያደበዝዝ ማሳወቅ ከባድ ሥራ አይደለም። ከከሚሴ አካባቢ ለመጣና ኦሮምኛ ለሚቀናው ሰው ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ይጠራለት።

የደም ግፊትን ታካሚው ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ ለክቶ በዚያው መደምደምም ስህተት ነው፤ ፍርሃት ራሱ ግፊት ስለሚጨምር፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ መለካትና አሁንም ከፍ ካለ ለሐኪሙ ማሳወቅ ይገባል።

«ነገ እንደ ልጅነትዎ ያያሉ» የሚል ተስፋ ከነርስ አፍ አይውጣ፤ የዓይን ነርቭ ተጎድቶ ከሆነ የሞራው መገፈፍ ብቻውን እይታን አይመልስም።

በመጨረሻም ዱዓ ለማድረግ ወይም ለመጸለይ ጥቂት ደቂቃ የለመነን ሰው ማቻኮል ተገቢ አይደለም። ጸበልን በሚመለከት ግን፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ማናቸውም ውኃ የተሠራውን ዓይን እንዳይነካው ለታካሚውም ለአስታማሚውም አስቀድሞ በአክብሮት ይነገር።