ቡና ስትተክሉ ሥሩ እንዳይታጠፍ

ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ አራት ዓመት ያሳደገው ቡና ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠወለገበትና "ኧረ ና እየው" ብሎ ጠራኝ። መድኃኒት ሊረጭ ተዘጋጅቷል። አንዱን ነቀልነው። ዋናው ሥር እንደ ከዘራ እጀታ ታጥፏል። ይሄን ምን መድኃኒት ያድነዋል?

ይሄን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት! ችግኙ ፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ሥሩ ታች ደርሶ ይጠመዘዛል፣ ወይ ጉድጓዱ ይጠብና በግድ ይጠቀጠቃል። ከላይ ምንም አይታይም። ይጸድቃል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ያምርበታል፣ እናንተም ትኮራላችሁ። ከዚያ ፍሬ መያዝ ሲጀምርና በጋው ሲጠና ውኃ ፍለጋ ወደ ታች የሚወርድ ሥር የለውም። ስለዚህ ፕላስቲኩን አውልቁት (ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው)፣ የተጠመዘዘውን የሥር ጫፍ በስለት ቁረጡት። እኔም በመጀመሪያው ዓመት "ሥሩ ተቆርጦማ እንዴት ይጸድቃል" ብዬ አጥፌ ቀብሬያለሁ። አብዛኞቹን በኋላ በገዛ እጄ ነቀልኳቸው።

ጉድጓድ ደግሞ በሐምሌ ዝናብ ተቆፍሮ በዚያው ቀን አይተከልበትም። በበጋ ነው የሚቆፈረው፣ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ። ሲሞላ የላዩ አፈር ከብስባሽ ጋር ይቀድማል።

ዝርያውን ሳታውቁ ችግኝ አትግዙ። ፍሬውን የሚያጠቁረው ሲቢዲ የሚባል የቡና በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ከገባ ወዲህ ስንቱን አራቁቷል። ከጅማ ምርምር ማዕከል የወጣው 74110 የተባለው ዝርያ ይቋቋመዋል።

ዶማ ይዛችሁ ግንዱ ሥር አትግቡ፣ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች እዚያው ከላይ ናቸው።

"ፀሐይ ያግኝ" ብሎ ዋንዛውንና ብሳናውን የሚመነጥርም አለ። ቡናው አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራል፣ በሚቀጥለው ቅርንጫፉ ይደርቃል። ስለ ባሕር ዛፍማ አልናገርም።

ጉንደላ ላይ አባቴን ማሳመን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። "አባቴ የተከለውን አልቆርጥም" ይል ነበር። ያረጀ ቡና ግን ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ተደርጎ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከቀንበጦቹ ሁለት ሦስት ጠንካሮችን አስቀሩ። ብቻ ማሳውን በሙሉ ባንዴ አትጎንድሉ፣ እስኪያፈራ ምን ልትበሉ ነው?

ለቀማ ላይ ቀዩን ብቻ። ጆንያ ውስጥ አታሳድሩት፣ በዚያው ቀን ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣ። መሬት ላይ የደረቀ ቡና አፈር አፈር ይላል፣ ገዢው ገና ሳይቀምሰው በጠረኑ ያውቀዋል።

ጎረቤቴ የቀሩትን ልንቀል ወይ አለኝ። እስኪደርቁ ድረስ ያፈሩትን ልቀም አልኩት። ትናንት ሳልፍ ከጎናቸው ጉድጓድ ጀምሯል፣ አሁንም ጠባብ ነው።