ከኬሞ በኋላ ሐሳብ ሲበተን፦ እኔን የረዳኝ

ኬሞዬን፣ የካንሰር መድኃኒቴን ማለት ነው፣ ከጨረስኩ ሁለት ወር ገደማ ሆኖኝ ነበር። ቡና እየቆላሁ ልጄን ሰፌዱን አቀብይኝ ልላት ዞር ስል ቃሉ ጠፋኝ። «ያ… ክቡ፣ የምናነፍስበት» እያልኩ በእጄ ሳሳያት ቡናው አረረ። በዚያው ሳምንት የእቁቤን ሁለቴ ከፍዬ ጸሐፊው መለሱልኝ። ፒያሳ አካባቢ ሃያ ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ የሌላ ሰው ሳንቲም ተሳስቼ አላውቅም። አእምሮዬ የከዳኝ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ሦስት ወር አለፈ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

ሕመሙ የታወቀ ነው፤ «ኬሞ ብሬን» (የኬሞ አእምሮ እንደማለት) ይሉታል። ስሙ ኬሞ ይሁን እንጂ ጨረሩም፣ የሆርሞን ክኒኑም፣ ካንሰሩ ራሱም ያመጡታል። ብዙ ሰው ቀስ በቀስ ይሻለዋል፤ ለዓመታት የሚቆይበትም አለ።

መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሐኪም ፊት ስንቀመጥ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መውጣት ልማዳችን ስለሆነ እኔ ጥቁር አንበሳ ለቀጠሮዬ ስሄድ ጽፌ ሄድኩ፦ ምን እንደሚረሳኝ፣ መቼ እንደጀመረኝ፣ በቀን በየትኛው ሰዓት እንደሚብስብኝ፣ የምውጠውን መድኃኒት ሁሉ። ወረቀቱን ለሐኪሟ ሰጠኋት። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና ቫይታሚን ቢ12 እንድመረመር አዘዘችኝ፤ እንቅልፌንና ሆድ ይብሰኝ እንደሆነም ጠየቀችኝ። እነዚህ ሁሉ ሐሳብ ይበትናሉ፤ ሁሉም ደግሞ ይታከማሉ። የእኔ ደም ማነስና እንቅልፍ ማጣት ነበር። አንዳንድ የእንቅልፍ፣ የሕመም ማስታገሻና የአለርጂ ክኒንም ያደነዝዛል፤ ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ። ለዚህ ብቻ ተብሎ በእርግጠኝነት የሚያድን ክኒን የለም። «ማስታወስ ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጠው ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ።

ቀጠሮ የማይጠበቅለትም አለ፦ ድንገት መቀባጠር፣ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ መንዘፍዘፍ፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ኬሞ ላይ እያላችሁም 38 የሚደርስ ትኩሳት። ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ደብተር ነው፤ አንድ ብቻ። በየቦርሳው የምበትነው ብጣሽ ወረቀት ይጠፋ ነበርና በቦርሳ ኪስ የሚገባ ደብተር ገዝቼ እስክሪብቶውን በክር አሰርኩበት። ማታ ከመተኛቴ በፊት የነገን ሦስት ጉዳዮች እጽፋለሁ፤ አራተኛ አልጨምርም። ገንዘብ ስከፍል ቦርሳዬን ሳልዘጋ ለማን፣ ስንት፣ መቼ ብዬ እጽፋለሁ። ቡታጋዝ ስዘጋ «ዘጋሁ» ብዬ ድምፄን አሰማለሁ፤ የሰማሁት ነገር ይቀርልኛል። ቁልፌ በር አጠገብ ካለው ሚስማር ሌላ ቦታ የለውም። ከባዱን ሒሳብ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት እሠራለሁ፣ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ። ከሰዓት በኋላ የምሠራው እጅ ብቻ የሚፈልገውን ነው።

እግር ጉዞም ይረዳል፤ ለድካሙም ለእንቅልፉም። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ እኔ በቀን በ10 ደቂቃ ጀመርኩ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ዳገት ነው፤ ደም ማነስ ላለበት ሰው ያንን መንገድ በአንዴ መውጣት አይመከርም። መሀል ላይ አረፍ እያልኩ ነበር የምሄደው።

ለቤተሰብ ደግሞ ምን እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ንገሩ። «አይዞሽ፣ እኔም እረሳለሁ» የሚሉኝ በፍቅር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ መናገር ያቅተኛል። ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ለመንኩ። ሬዲዮ እየጮኸ ቁም ነገር አትንገሩኝ አልኩ። ልጄን ደግሞ፣ ቃል ሲጠፋኝ ቶሎ እንዳትሞላልኝ። አሁን በልቧ እስከ አምስት ትቆጥራለች፤ ካልመጣልኝ ትነግረኛለች።