ባትሪው ሙሉ ሆኖ ኢንቨርተሩ ሲጠፋ

እንደ ቤት በምንጠቀምበት መኪና ውስጥ ያለው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ እንደ ቤት ኤሌክትሪክ አድርጎ የሚቀይረው ዕቃ) ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ ደህና ነበር፤ የውሃ ማፍያው ሲበራ ግን ጮኾ ይጠፋል። ባትሪው ያለ ጭነት፣ ማለትም ከእሱ ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ ሳይበራ፣ ሲለካ 12.7 ቮልት፣ ማለትም ሙሉ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ባትሪ ለመግዛት ይቸኩላል። ያለ ጭነት የተለካ ቮልቴጅ ግን ስለ ኬብሉ ምንም አይናገርም።

ማፍያውን አብርቼ፣ ኢንቨርተሩ ከመጥፋቱ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሁለት ቦታ ለካሁ፦ ባትሪው ላይ 12.1፣ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ 10.4። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል! 1000 ዋት የሚፈልግ ማፍያ በ12 ቮልት ሲስተም ከ80 አምፔር በላይ ይስባል፤ በዚህ ከረንት 0.02 ኦም ሬዚስታንስ (ለከረንት የሚያሳየው እንቅፋት) ብቻ ያላት መጥፎ መገናኛ 1.6 ቮልት ትበላለች። ኢንቨርተሩም ባትሪውን ለመጠበቅ 10.5 አካባቢ ራሱን ያጠፋል።

ቴስተሩን በየመገናኛው ግራና ቀኝ እያደረግሁ ስፈልግ ጥፋቱ ፊውዙ ላይ በታሰረው የኬብል ጫፍ ተገኘ። አረንጓዴ ዝገት ይዞታል፣ ይሞቃልም። ጭነቱን አጥፍቼ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ነቅዬ፣ የተበላውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ተርሚናል በመጭመቂያ አሰርሁ። አሁን ልዩነቱ 0.2 ቮልት ነው፤ ውሃውም ይፈላል። የኔጌቲቩን መስመርም እንዲሁ መለካት ያስፈልጋል፤ ከረንቱ በእሱም ያልፋልና።