ከጥቅምት እስከ ጥር፦ የጓሮ አትክልትን ከውርጭ መጠበቅ

ማታ ለምለም ሆኖ የታየው የድንች ቅጠል ጠዋት የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ሟሽሾ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠቁሮ ይገኛል። በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በጋይንትና በመሳሰሉት ደጋ አካባቢዎች ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ይህ ጉዳት ብዙም አይቀርም። ከአዲስ አበባ ዳርቻ እንደ ሱሉልታና ሰንዳፋ ባሉ ሜዳማ ቦታዎችም ያጋጥማል። ብዙ ሰው ውርጭን ለመከላከል ማታ ላይ ይሯሯጣል፤ ነገር ግን ሥራው ያለው ቀን ላይ ነው፣ ያውም አፈሩ ላይ።

ፀሐይ ቀን አፈሩን ታሞቀዋለች። ሌሊት አፈሩም ቅጠሉም ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቁታል። ደመና ካለ የተለቀቀው ሙቀት በከፊል ይመለሳል፤ ሰማዩ ከጠራና ነፋሱ ከቆመ ግን ሄዶ ይቀራል። እንዲህ ባለ ሌሊት ቅጠሉ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ መሬት አጠገብ ያለው አየርም ከፍ ብሎ ካለው ይበርዳል። ስለዚህ በሰው ቁመት ልክ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ ከሥሩ ያለውን ቃሪያ ውርጭ ሊመታው ይችላል። ቴርሞሜትር ካላችሁ በአትክልቱ ቁመት ልክ አድርጉት።

አስጊውን ሌሊት ቀድሞ ማወቅ ከባድ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አንዲት ደመና ከሌለው፣ አየሩ ከንፈር የሚያደርቅ ከሆነና ወደ ማታ ነፋሱ ጸጥ ካለ ተዘጋጁ። አየሩ በጣም ሲደርቅ ነጭ አመዳይ ሳይታይ ቅጠሉ ሊጠቁር ስለሚችል፣ ሣሩ ላይ አመዳይ አለማየት ዋስትና አይሆንም። ጓሯችሁ ውስጥ የትኛው ጥግ እንደሚበርድ ለመለየት ደግሞ ጠፍጣፋ ሳህኖች ላይ ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ በተለያየ ቦታ አሳድሩ። ጠዋት ውሃው በረዶ ሆኖ የረጋበት ቦታ ቲማቲም አይተከልበትም።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፣ ረባዳ ቦታም ይተኛል። ተዳፋት በሆነ ጓሮ ታችኛው ጫፍ ላይ ያለ ጥቅጥቅ አጥር ወይም የድንጋይ ካብ ብርዱን እንደ ግድብ ይይዘዋል፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ክፍት ብትተዉለት አየሩ ያልፋል። በላይኛው በኩል ያለው አጥር ግን ጥቅጥቅ ቢል መልካም ነው፣ ከላይ የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ይመልሰዋል። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከቤቱ ግድግዳ በስተደቡብ ያለው ቦታ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ግድግዳውም ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳል። ሎሚና አቮካዶ የሚተከሉት እዚያ ነው።

ሁሉም ተክል እኩል አይጎዳም። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ቦሎቄ፣ በሶብላና ሙዝ ቀላል ውርጭ እንኳ ይጥላቸዋል። ድንች ከእነሱ ጥቂት ይሻላል እንጂ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቅጠሉ ያልቃል። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ይቋቋማሉ፤ ልብሱንና ጉልበቱን ለእነሱ አታባክኑ። ባቄላ ግንዱ ቢቋቋምም አበባውና ለጋ እሸቱ ይረግፋል።

አፈሩን ማዘጋጀት

ደረቅ አፈር በውስጡ አየር ስለሚበዛ ቀን ሙቀት ወደ ታች አያስገባም፣ ሌሊትም ከታች ወደ ላይ አያወጣም። እርጥብ አፈር ሁለቱንም ያደርጋል። ስለዚህ የውርጭ ምልክት ካያችሁ በማለዳ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ እንድታሞቀው፣ መደቡን አጠጡ። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያስፈልጋል። እርጥብ ከሆነ መጨመር አያስፈልግም፤ ጭቃ ማድረግ ሥሩን ያፍናል። ማታ ማጠጣት ግን ፀሐይ ስለማያገኝ ሙቀት አያስገባም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በጉዝጓዝ ነው። ጭድ ወይም ደረቅ ሣር የተጎዘጎዘበት መደብ እርጥበት ይይዛል፣ ለበጋ ተገቢ ነው። በውርጭ ሳምንታት ግን ጉዝጓዙ የአፈሩን ሙቀት ከሥር አፍኖ ይይዘዋል፣ ከላዩ ያለው ቅጠልም ባዶውን ይቀራል። በቲማቲምና በቃሪያ ሥር ያለውን ወደ ቦዩ ግፉት፣ አደጋው ሲያልፍ መልሱት። አረሙንም ንቀሉ፣ አፈሩን ስለሚጋርድ ነው። መኮትኮቱን ግን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ አዲስ የተኮተኮተ አፈር ለጥቂት ቀናት እንደ ደረቅ አፈር ሙቀት አያስተላልፍም። ከመስከረም በኋላ ዩሪያ መጨመርም ተክሉ ለስላሳና ውሃ የበዛበት ቅጠል እንዲያወጣ ያደርገዋል፣ ውርጭ የሚወደውም እሱን ነው።

ማልበስ

ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ይይዛል። ከዚህ የሚከተለው ሁለት ነገር ነው፦ ልብሱ መሬት መድረስ አለበት፣ ቅጠሉንም ባይነካ ይመረጣል። አብዝቶ የሚታየው ስህተት የተክሉን አናት በፌስታል ጠቅልሎ ግንዱ ላይ እንደ ጆንያ አፍ ማሰር ነው። ያ ሲሆን የአፈሩ ሙቀት ከውጭ ይቀራል፣ ላስቲኩን የነካው ቅጠልም ይቃጠላል።

ለአንድ ሜትር ስፋት መደብ 2 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለውን የቀርከሃ ስንጥቅ ወይም ቀጭን ፌሮ እንደ ቀስት አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፍ አፈር ውስጥ ትከሉ፣ በየአንድ ሜትሩ አንድ። የቀስቱ አናት ከተክሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ላዩ ላይ ጎን ለጎን የተሰፋ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ ዘርጉ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በአፈር ያዙት። ከላስቲክ ይልቅ ጨርቅና ማዳበሪያ ይሻላሉ። ላስቲክ ብቻ ካለ ቅጠሉን እንዳይነካ ቀስቶቹን አጠጋጉ፤ ሁለቱም ካሉ ጨርቁ ከውስጥ፣ ላስቲኩ ከውጭ ይሁን፤ ጨርቁ በጤዛ ከራሰ ብርዱን ያስተላልፋልና። ለተናጠል ችግኝ የተገለበጠ ቅርጫት ወይም ባልዲ ይበቃል።

የሚለብሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ አፈሩ ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተነስቶ ማልበስ ያመለጠውን ሙቀት አይመልሰውም። ዋናው ብርድ የሚመጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ስለሆነ ከዚያ በፊት አትግለጡ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ አመዳዩ ከቀለጠ በኋላ፣ ግለጡት። ላስቲክ ረስቶ መተው ግን ከውርጩ የከፋ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ ያለውን ይቀቅለዋል፣ አፈሩም የሚቀጥለውን ሌሊት ሙቀት የሚሰበስበው ተገልጦ ሲውል ነው።

በልብሱ ውስጥ ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖችን ማሳደር ይጠቅማል። ቀን ፀሐይ ላይ ውለው 15 ዲግሪ የደረሰ 20 ሊትር ውሃ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ 840 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። በየሁለት ሜትሩ አንድ ብታስቀምጡ ለችግኝ መደብ ልዩነቱ ይታያል። ያለ ልብስ ግን ሙቀቱ ይበተናል።

ጭስና ውሃ

ጭስ ማጨስ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጭሱ እንደ ደመና ሙቀት አይመልስም። የሚጠቅም ነገር ካለ የእሳቱ ሙቀት ነው፣ እሱም ከአንድ ትልቅ እሳት ይልቅ በብዙ ትናንሽ እሳት ይሠራል። ትልቅ እሳት ሞቃቱን አየር ሽቅብ ይወረውረዋል፣ በምትኩ ከዳር ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ኩበቱንና ገለባውን ለኮምፖስት ብትተዉት ይሻላል።

ቅጠል ላይ ውሃ መርጨትም ሳይቋረጥ ካልሆነ አይሞከርም። አንድ ኪሎ ውሃ ሲረጋ 334 ኪሎጁል ይለቃል፤ ሲተን ግን ከ7 እጥፍ በላይ ይወስዳል። በትልልቅ የፍራፍሬ እርሻዎች የሚሠራው በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ውሃው ሳይቆም ስለሚወርድ ነው። ሌሊት አንዴ በባልዲ ደፍቶ መግባት ቅጠሉን ይበልጥ ያበርደዋል።

ከተመታ በኋላ

የጠቆረውን ወዲያው አትቁረጡ። የሞተው ቅጠል ለሚቀጥለው ሌሊት ከሥሩ ላለው ቡቃያ ልብስ ነው፣ የግንዱም የጉዳት ወሰን የሚለየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የአቮካዶ ወይም የሎሚ ቅርንጫፍ መሞቱን ለማወቅ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፤ አረንጓዴ ከሆነ ይተው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አዲስ ቡቃያ ከወጣ በኋላ እስከ አረንጓዴው ድረስ ይቆረጥ። ቅጠሉን ያጣ ግንድ ፀሐይ ስለሚያቃጥለው በውሃ የቀጠነ ኖራ ቀቡት። እስኪያገግም ድረስ ማዳበሪያ አይጨመርለት፣ ውሃም በልክ ይሁን።

ድንች ገና ለጋ ከሆነ ከአፈር በታች ካለው ግንድ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ለዚህም ነው አስቀድሞ አፈር ማስታቀፍ የሚጠቅመው። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከተመታ ግን ቅጠሉ ባይተካም ድንቹ ይተርፋል። ሁለት ሳምንት ያህል አፈር ውስጥ ተዉት፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ስትቆፍሩትም አይላጥም። በዚያ ጊዜ አፈሩ ተሰንጥቆ የተገለጠ ድንች ካለ መልሳችሁ ሸፍኑት። የረጋ ድንች ሲቀልጥ ውሃ ይሆናል፣ ጎተራ ከገባም ጎረቤቱን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ ልቀሙና ለይታችሁ አውጡት።

ለሚቀጥለው ዓመት ከዘሩ ቀን ጀምሩ። ድንች ለመድረስ እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል፤ በሰኔ መጀመሪያ የተተከለ ጥቅምት ሳይጋመስ ይወጣል። በመስኖ የምታለሙ ደግሞ በአካባቢያችሁ ውርጩ የሚያበቃበትን ጊዜ ይዛችሁ፣ ቡቃያው ከዚያ በኋላ ከአፈር እንዲወጣ አድርጋችሁ ትከሉ።