ማግኔቱ የጠፋበት ፎኖን፦ የክሮሚየም ትራይአዮዳይድ ስሌት ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ የአንድ ንጣፍ ክሮሚየም ትራይአዮዳይድን (ማግኔታዊ ቁስ ነው) ፎኖን፣ ማለትም የአቶሞቹን ርግብግቢት፣ በኳንተም ኤስፕሬሶ (የቁሶችን ባሕርይ የሚያሰላ ፕሮግራም) አስልታችሁ፣ ሥራው ያለ ስህተት አልቋል። ግን 77 እና 130 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር አካባቢ መታየት ያለባቸው የራማን ፒኮች (በሌዘር ብርሃን ሲለካ የሚታዩ የርግብግቢት ምልክቶች) ቦታቸው ላይ የሉም። ሴሚኮንዳክተር መሆን የነበረበት ቁስም ሜታል ሆኖ ወጥቷል።

ምክንያቱ፦ ደጋግሜ ያገኘሁት አንድ ነው፤ በስሌቱ ስፒን (የኤሌክትሮኖቹ ማግኔታዊ ባሕርይ) አልተከፈተም።

እዚህ ጅማ፣ ባለፈው ክረምት አንድ የማስተርስ ተማሪ ሦስት ሳምንት የለፋበትን ውጤት ይዞ መጣ። የስሌቱን ጥራት የሚወስኑትን ቅንብሮች ሁሉ ነካክቷል፦ ከትኦፉን ጨምሯል፣ ቫኪዩሙን አስፍቷል፣ ኬ-ፖይንቱን አብዝቷል። የውጤት ፋይሉን ከፍተን «ቶታል ማግኔታይዜሽን» የሚለውን ፈለግን። መስመሩ ጭራሽ የለም! የኢንፑት ፋይሉን የቀዳው ማግኔት ካልሆነው ከግራፊን ሥራ ነበር። እዚያ ኤንስፒን (የስፒን ቅንብር፦ 1 ዝግ፣ 2 ክፍት) አልተጻፈም፤ ካልተጻፈ ደግሞ ፕሮግራሙ 1 ብሎ ይወስደዋል። እባካችሁ የሰው ፋይል መስመር በመስመር ሳታነቡ አትቅዱ።

ለምን ይህን ያህል ያዛባል? ክሮሚየምን ከጎረቤቱ ክሮሚየም ጋር የሚያገናኘው አዮዲን ነው፤ ማዕዘኑም ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። አቶሞቹ ሲርገበገቡ ማዕዘኑ ይለዋወጣል፣ ከእሱ ጋር በስፒኖቹ መካከል ያለው የኤክስቼንጅ ኢነርጂም ይለወጣል። ይህ ለውጥ አቶሞቹን እንደ ሞላ በያዘው ኃይል ላይ ይደመራል። በተለይ ክሮሚየም የሚንቀሳቀስባቸው ሞዶች (የርግብግቢት ዓይነቶች) በቀላሉ ይዛባሉ።

መፍትሄው፦ ኤንስፒንን 2 አድርጉ፣ ስታርቲንግ ማግኔታይዜሽንን (የመነሻ ማግኔቱን) ለክሮሚየም ስጡ። በስታርቲንግ ማግኔታይዜሽን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር 1 ማለት በአቶሚክ ስፒሺስ ዝርዝር አንደኛ የተጻፈው ነው፤ አዮዲንን አስቀድመው ጽፈው ማግኔቱን ለአዮዲን የሚሰጡ አሉ። ኦኩፔሽንስ (የኤሌክትሮኖች አሞላል) ፊክስድ ከሆነ ቶት ማግኔታይዜሽንም (ጠቅላላ ማግኔቱ) ይጻፍ። ከዚያ ውጤቱ ላይ በቶታል ማግኔታይዜሽን መስመር 6.00 ፈልጉ፦ በዩኒት ሴሉ (በሚደጋገመው ትንሹ ክፍል) ሁለት ክሮሚየም አለ፣ እያንዳንዱ ሦስት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉት። 6.00 ሳታዩ ፎኖኑን አታስጀምሩ።

ሪላክሱም (አቶሞቹን ወደ እረፍት ቦታቸው ማስተካከሉ) በስፒን ይሁን! ያለ ስፒን በተስተካከለ ቅርጽ ላይ ስፒን ብትከፍቱ አቶሞቹ ላይ ኃይል ይቀራል፣ የሚወጣው ፎኖንም አይታመንም።

ለአንቲፌሮማግኔቲክ (ጎረቤት ስፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሆኑ)፦ ክሮሚየሙን በሁለት ስም ከፍላችሁ ተቃራኒ ምልክት ስጡ።

ጋማ (የሞገድ ቁጥሩ ዜሮ የሆነበት ነጥብ) አጠገብ ትንሽ ኔጌቲቭ ፍሪኩዌንሲ ካያችሁ፦ አኩስቲክ ሰም ሩል (ቁሱ በሙሉ አብሮ ቢንሸራተት ኃይል እንደማይፈጠር የሚያስገድድ ሕግ)፣ ጠበቅ ያለ ኮንቨርጀንስ (የስሌት ማቆሚያ ገደብ)።

ከሙከራ ጋር ስታነጻጽሩ የክፍል ሙቀት ስፔክትረም አትውሰዱ፤ አንድ ንጣፉ ፌሮማግኔት (ስፒኖቹ በአንድ አቅጣጫ) የሚሆነው ከ45 ኬልቪን በታች ነው።

መብራት ከሄደ፦ የፎኖኑን ፋይል ሪከቨር ትሩ አድርጋችሁ ቀጥሉ፤ ጊዜያዊ ፎልደሩን ግን እንዳትነኩት።